«ድቅል ውሻ አይታመምም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ ነው። መልእክቱ ባጭሩ «ጤነኛ ውሻ ከፈለጋችሁ ድቅል ውሰዱ፣ ንጹሕ ዘር መግዛት በሽታ መግዛት ነው» የሚል ነው። ለእኔ ብቻ በአንድ ሳምንት አራት ሰው ልኮልኛል። ሦስቱ በሐሳቡ የሚስማሙ ናቸው። አራተኛዋ ጓደኛዬ ግን ቡችላ ልትወስድ እየተዘጋጀች ስለሆነ «ይሄ ነገር እውነት ነው ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ ልጽፍላት ቁጭ ስል ነገሩ በሁለት መስመር የሚያልቅ አልሆነም።

መጀመሪያ ጸሐፊው ያሉትን ሳልሸራርፍ ላስቀምጥ። ንጹሕ ዘር የሚባሉት ውሾች ዘመድ ከዘመድ እየተዋለዱ የመጡ ስለሆኑ ደማቸው ደክሟል፣ ፊታቸው ጠፍጣፋ የሆኑት ደግሞ መተንፈስና መውለድ እንኳ ይቸግራቸዋል ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ አንድ ትልቅ የዩኒቨርሲቲ ጥናት ጠቅሰው፣ ንጹሕ ዘሮች በበሽታ እንደሚበልጡ ተረጋግጧል ይላሉ (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ሦስተኛው ነጥባቸው ዕድሜ ነው፤ ድቅል ውሻ ረጅም ዕድሜ ይኖራል። አራተኛው፣ ድቅል ውሻ የተበላሸ ጂን (ከወላጅ የሚወረስ የሰውነት መመሪያ) የለውም። አምስተኛው፣ ሁለት ንጹሕ ዘሮችን ብናዳቅል ከሁለቱም ጥሩ ጥሩውን እናገኛለን። ከዚህ ሁሉ ተነስተው የደረሱበት መደምደሚያ ደግሞ «ድቅል ከሆነ የጤና ምርመራ አያስፈልገውም» የሚል ነው።

እንድጽፍ ያስነሳችኝ ይቺ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት። ሌላው ቢቀር ሐሳብ ነው፣ እንከራከርበታለን። ይቺ ግን ሰው ቤት ገብታ ውሻ ትጎዳለች። ለምን እንደምል ወረድ ብዬ እናገራለሁ።

ስለ ዝምድናው እንነጋገር። እዚህ ላይ ጸሐፊው በአብዛኛው ትክክል ናቸው፣ አልከራከርም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የውሻ ማኅበራት ተቋቋሙ። የብሪታንያው ኬኔል ክለብ የተመሠረተው በ1873 ነው። የዘር መዝገብ ከፈቱ፣ ከዚያ መዝገቡ ተዘጋ። እናትና አባቱ ያልተመዘገቡ ውሻ አይገባም ማለት ነው። በዚያ ላይ በውድድር ያሸነፈ አንድ ወንድ ውሻ ለስንቱ ቡችላ አባት ይሆናል። እንዲህ ሲዋለዱ ኖረው ኖረው፣ በ2021 ተመራማሪዎች የ227 ዝርያዎችን ዘረመል ሲመረምሩ አማካዩ የዝምድና መጠን 25 በመቶ አካባቢ ሆኖ አገኙት። ይህ ወንድምና እህት ቢዋለዱ ልጃቸው ላይ የሚታየው መጠን ነው። ከባድ ነው። ማንም አርቢ ይህን ቁጥር በቀላሉ ሊያልፈው አይገባም።

ስለ ፊተ ጠፍጣፋዎቹም ያሉት እውነት ነው። ቡልዶግና ፍሬንች ቡልዶግ ብሪታንያ ውስጥ በተደረገ ጥናት ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት በቀዶ ሕክምና ነው የወለዱት። የቡችላው ጭንቅላት ከእናቱ ዳሌ ይሰፋል። ትንፋሻቸውም የምታውቁት ነው፤ ሲተኙ ያንኮራፋሉ፣ ሲሮጡ ያቃስታሉ፣ ሲሞቃቸው ይወድቃሉ።

ግን እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ተቀላቅለዋል። አንዱ ዝምድና ነው። ሌላው የሰውነት ቅርጽ ነው። ፊቱ የተደፈጠጠው ውሻ የሚያፍነው ዘመዶቹ ስለተዋለዱ አይደለም። ሰው አጭር አፍንጫ መርጦ ስላራባው ነው። አሁን ሌላውን ፊተ ጠፍጣፋ ዝርያ፣ ፐግን፣ ከፍሬንች ቡልዶግ ጋር እናዳቅል። የሚወለደው ቡችላ በጸሐፊው መለኪያ ድቅል ነው፣ ስለዚህ ጤነኛ ነው። አፍንጫው ግን የእናቱና የአባቱ ነው፣ ያው ያፍነዋል። በተቃራኒው ደግሞ ከትውልድ ትውልድ በሥራ ችሎታው የተመረጠ፣ አፍንጫው ረጅም፣ እግሩ ቀጥ ያለ፣ ቀኑን ሙሉ የሚሮጥ ንጹሕ ዘር አለ። እነዚህን ሁለቱን «ድቅል» እና «ንጹሕ» በሚል ቃል ብቻ ከለየናቸው የትኛው እንደሚታመም በፍጹም አናውቅም።

አሁን ወደ 2013ቱ ጥናት። ጥናቱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ነው፤ ጥሩ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ከ1995 እስከ 2010 ባለው የሕክምና መዝገብ ከ27,000 በላይ በዘር የሚተላለፍ ሕመም ያለባቸውን ውሾች አገኙ፤ 24 ሕመሞችንም አወዳደሩ። ጸሐፊው «10 በሽታዎች በንጹሕ ዘሮች ላይ በዝተው ተገኝተዋል» ብለዋል። ልክ ነው፣ 10 ናቸው። የልብ ጡንቻ መስፋት፣ የሚጥል በሽታ፣ የዓይን ሞራ፣ የክርን መገጣጠሚያ ችግር፣ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ አሉበት።

የቀሩት 14ስ? ጽሑፉ ውስጥ ስለ እነሱ አንድም ቃል የለም። በ13ቱ ሕመሞች በድቅልና በንጹሕ ዘር መካከል ልዩነት አልተገኘም። እነዚህ ደግሞ ቀላል ሕመሞች አይደሉም። የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር አለበት፣ የአጥንት ካንሰር አለበት፣ የሊምፍ ካንሰር አለበት፣ የጉልበት ሎሚ መውለቅ አለበት። አንዱ ሕመም ደግሞ ጭራሽ በድቅሎቹ ላይ በዝቶ ተገኘ። እሱም በኋላ እግር ጉልበት ውስጥ ያለው የፊተኛው ጅማት መበጠስ ነው።

ይሄ አንዱ የኔ ቤት ነው የገባው።

ቦቢ ድቅል ነው፤ በተለምዶ ክሮስ የምንለው። እናቱን አላውቃትም፣ አባቱንም አላውቀውም። ሲሰጡኝ «ክሮስ ስለሆነ አይታመምም፣ ሐኪም ቤት አታመላልሰውም» ተባልኩ። አመንኩ። አምስት ዓመት ሲሞላው አንድ ቀን ጠዋት የኋላ ቀኝ እግሩን አንጠልጥሎ መጣ። መሬት ያስነካታል፣ ወዲያው ያነሳታል። ሲቀመጥ ያቺን እግሩን እንደሌሎቹ አጥፎ አይቀመጥም፣ ወደ ጎን ዘርግቷት ነው። «ክሮስ ነው፣ ይሻለዋል» ብዬ ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ። በሦስቱ ሳምንት ውስጥ የጭኑ ሥጋ ከሌላኛው ሲያንስ በእጄ ይታወቀኝ ጀመር።

ሐኪሟ በጎኑ አስተኛችው። በአንድ እጇ የጭኑን አጥንት፣ በሌላው ቅልጥሙን ያዘች። ቅልጥሙን ቀስ ብላ ወደፊት ስትገፋው እንደ መሳቢያ ተንሸራቶ ወጣ። ጤነኛው እግር ላይ ያንኑ ስታደርግ ፍንክች አላለም። ጅማቱ ተበጥሷል። ያ ጅማት ውሻ ላይ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን አደጋ እንደማይበጠስ፣ እያለቀ እያለቀ ሄዶ እንደሚለቅ የነገረችኝም እሷ ናት። ውፍረት እንደሚያባብሰውም ነገረችኝ። ቦቢ ያኔ 31 ኪሎ ነበር፤ በሱ ቁመት 25 ይበቃው ነበር።

ይህን የማወራው የአንድ ውሻ ታሪክ ጥናት ይሆናል ብዬ አይደለም። አይሆንም። ጸሐፊውም «የጎረቤቴ ድቅል ውሻ 16 ዓመት ኖረ» ማለታቸው ጥናት አይሆንም። ቦቢን ያነሳሁት «አይታመምም» የሚል ቃል ሰውን ምን እንደሚያደርግ ስላየሁ ነው። ሦስት ሳምንት ያስጠብቃል።

ዕድሜን በተመለከተ ጸሐፊው ማስረጃ አላቸው። በ2013 ብሪታንያ ውስጥ የወጣ ጥናት ድቅሎቹ በአማካይ 1.2 ዓመት እንደሚበልጡ አግኝቷል። እዚያ ቢቆሙ አይገርመኝም ነበር። ግን በ2024 በዚያው አገር ከ584,000 በላይ ውሾችን የያዘ ሌላ ጥናት ወጣ። በዚህኛው የንጹሕ ዘሮቹ መካከለኛ ዕድሜ (ግማሾቹ ያለፉት፣ ግማሾቹ ያልደረሱበት ዕድሜ ማለት ነው) 12.7፣ የድቅሎቹ 12.0 ዓመት ሆነ። ተገለበጠ ማለት ነው።

ታዲያ ከዚህ ተነስቼ «ንጹሕ ዘር ይበልጣል» ልበል? አልልም። እንደዛ ካልኩ የጸሐፊውን ስሕተት በሌላ በኩል መድገሜ ነው። በዚያው ጥናት ውስጥ ላንካሻየር ሂለር የሚባለው ትንሽ ዝርያ 15.4 ዓመት ሲኖር ፍሬንች ቡልዶግ 9.8 ነው የሚኖረው። ሁለቱም ንጹሕ ዘር ናቸው። መሀላቸው ከአምስት ዓመት በላይ አለ! በድቅልና በንጹሕ ዘር መሀል ያለው ግን ዓመት እንኳ አይሞላም። ትንሽ፣ አፍንጫ ረጅም፣ ሴት ከሆነች 13.3 ዓመት፤ መካከለኛ ቁመት፣ ፊተ ጠፍጣፋ፣ ወንድ ከሆነ 9.1 ዓመት። ዕድሜውን የሚወስነው ቁመቱና የፊቱ ቅርጽ እንጂ ድቅል የሚለው ስም ብቻ አይደለም። ትልቅ ውሻ ቶሎ ያረጃል፣ ድቅልም ይሁን ንጹሕ።

ስለ ጎረቤት ውሻ ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ያለ ሰው እንክብካቤ የኖረ ድቅል ውሻ አርጅቶ ስናይ «አየህ ጥንካሬውን» እንላለን። አብረውት የተወለዱት ስድስት ሰባት ቡችሎች ግን የት ናቸው? በመጀመሪያዎቹ ወራት የሞቱትን ማንም አይቆጥራቸውም። የተረፈውን ብቻ ቆጥረን ሁሉም ጠንካራ ናቸው ካልን ሒሳቡ ከመነሻው ተዛብቷል።

ጂን ላይ እንምጣ። «ድቅል ውሻ የተበላሸ ጂን የለውም» የሚለው በቀጥታ ስሕተት ነው። በ2018 ከ100,000 በላይ ውሾች በ152 በሽታ አምጪ የጂን ለውጦች ተመርምረው ነበር። ለመታመም የተጋለጡት ከድቅሎቹ 2 በመቶ፣ ከንጹሕ ዘሮቹ 5 በመቶ ያህል ናቸው። ይህ ጸሐፊውን ይደግፋል፣ አምናለሁ። ሌላውን ቁጥር ግን እዩት። ሳይታመሙ ጂኑን ተሸክመው የሚዞሩት ከድቅሎቹ 40 በመቶ፣ ከንጹሕ ዘሮቹ 28 በመቶ ናቸው። ድቅሎቹ ይበልጣሉ!

ይህ እንዴት ይሆናል? ጂን በጥንድ ነው የሚመጣው፣ አንዱ ከእናት አንዱ ከአባት። ብዙዎቹ የዘር በሽታዎች የሚወጡት ሁለቱም ሲበላሹ ነው። አንዱ ደህና ከሆነ ውሻው ደህና ይመስላል፣ ተሸካሚ ይባላል። ሁለት ተሸካሚዎች ከተገናኙ ግን ከአራት ቡችላ አንዱ የመታመም ዕድል አለው። ስለዚህ ማዳቀል ጂኑን አያጠፋውም፣ ይሸፍነዋል። የተሸፈነው ነገር በሚቀጥለው ትውልድ ሊገለጥ ይችላል። ንጹሕ ዘር ከሆነ ቢያንስ የትኛው በሽታ እንደሚያሰጋው ስለሚታወቅ በየትኛው ምርመራ እንደምትፈልገው ታውቃለህ። ወላጆቹ ያልታወቁ ድቅል ላይ ግን ከየት እንደምትጀምር እንኳ አታውቅም።

አምስተኛው ነጥብ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሸነፈው በዚህ ነው። ላብራዱድል፣ ኮካፑ፣ ካቫፑ የሚባሉት ፑድል ከሚባለው ዝርያ ጋር የተዳቀሉ ውሾች አሁን ከብዙ ንጹሕ ዘሮች በላይ ይፈለጋሉ። «የሁለቱን ጥሩ ጥሩ ይወስዳል» እየተባለ ይሸጣሉ። ግን ጥሩ ጥሩውን ብቻ ምረጥ ብሎ ያዘዘው ማነው? ቡችላው ከእናቱም ከአባቱም ግማሽ ግማሹን ይወስዳል፣ የትኛው ግማሽ እንደሆነ ማንም አያውቅም። ላብራዱድልን ያስተዋወቀው ዋሊ ኮንሮን በ1989 አውስትራሊያ ውስጥ ላብራዶርን ከፑድል ያዳቀለው ለጤና ብሎ አልነበረም። ባሏ በውሻ ፀጉር አለርጂ የሚያዝ አንዲት ማየት የተሳናት ሴት መሪ ውሻ ስለፈለገች ነው።

የማዳቀል ጥቅም የሚሠራው ሁለቱ ወላጆች አንድ ዓይነት ጉድለት ከሌላቸው ነው። ላብራዶርም፣ ፑድልም፣ ኮከር ስፓኒየልም አንድ ዓይነት ቀስ በቀስ የሚያሳውር የዓይን በሽታ ጂን አላቸው። ያልተመረመረ ላብራዶርን ካልተመረመረ ፑድል ጋር ብታዳቅል ዓይነ ስውር የሚሆን ድቅል ሊወለድ ይችላል። መርል የሚባለው ዥንጉርጉር ቀለምም እንዲሁ ነው። ሁለት መርል ውሾች ሲገናኙ ሁለቱንም ጂን የወረሰው ቡችላ መስማት የተሳነው ወይም ማየት የተሳነው ሆኖ ሊወለድ ይችላል። አንዱ ቦርደር ኮሊ፣ ሌላው አውስትራሊያን ሼፐርድ ቢሆን ለቡችላው ምንም አይቀየርለትም። በ2024 የብሪታንያው ሮያል ቬተርነሪ ኮሌጅ ኮካፑን፣ ካቫፑንና ላብራዱድልን ከወላጅ ዝርያዎቻቸው ጋር በ57 የተለመዱ ሕመሞች አወዳድሮ፣ በ86.6 በመቶው ንጽጽር ልዩነት አላገኘም። የተሻሉም አይደሉም፣ የባሱም አይደሉም።

ማዳቀል አይጠቅምም እያልኩ ግን አይደለም። የዳልማሺያንን ታሪክ ብታውቁ እንዴት እንደሚጠቅም ታያላችሁ። ዳልማሺያን የሚባለው ባለ ነጥብ ዝርያ ውስጥ ያሉ ውሾች ሁሉ ከእናትም ከአባትም የመጣው አንድ ጂን ተበላሽቶባቸው ቀርቶ ነበር። ዩሪክ አሲድ በሽንታቸው ይበዛል፣ ድንጋይ ይሠራል፣ ወንዶቹን ሽንት እስከ መዝጋት ይደርሳል። ዝርያው ውስጥ ደህናው ጂን ስለሌለ ከዝርያው ውስጥ መርጦ ማዳን አይቻልም። በ1973 ሮበርት ሻይብል የሚባል ሳይንቲስት አንድ ዳልማሺያንን ፖይንተር ከሚባል ሌላ ዝርያ ጋር አዳቀለ። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ በየትውልዱ ደህናውን ጂን የወረሱትን ቡችሎች እየመረጠ መልሶ ከዳልማሺያን ጋር አዋለዳቸው። ከጥቂት ትውልድ በኋላ ነጥቡም፣ መልኩም፣ ሩጫውም ዳልማሺያን የሆነ፣ ሽንቱ ግን ጤነኛ የሆነ ውሻ ተገኘ። የአሜሪካው ኬኔል ክለብ በ1981 ከእነዚህ ውሾች ሁለቱን መዘገበና አባላቱ «ንጹሕ አይደሉም» ብለው ሲቃወሙ አቆመ። እስከ 2011 ድረስ አልተቀበላቸውም። 30 ዓመት! በመሀል ጂኑ ራሱ በ2008 ተለየ። ያን ያህል ዓመት በመዝገብ ንጽሕና ሲከራከሩ ድንጋይ የሠራባቸውን ውሾች ሳስብ እስከ አሁን ያናድደኛል። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነኝ።

ግን እነዚያን ውሾች ያዳናቸው ምን እንደሆነ ልብ በሉ። መደባለቁ ብቻ አይደለም። በሽታው ታወቀ፣ ለሱ የሚሆን ወላጅ ተፈለገ፣ እያንዳንዱ ቡችላ ተመረመረ፣ ደህናው ተመረጠ። ምርመራውን ብታወጡት ማዳቀሉ ሎተሪ ነው።

ወደ መደምደሚያቸው ልመለስ፣ «ድቅል ከሆነ የጤና ምርመራ አያስፈልገውም» ወደሚለው። ከላይ ያልነውን ሁሉ ትተን አንድ ምሳሌ ብቻ እንውሰድ። ኮሊ የሚባለው ዝርያና የኮሊ ዘመድ የሆኑ ውሾች ላይ አንዳንድ መድኃኒት ወደ አንጎል እንዳይገባ የሚከላከለው ጂን የሚበላሽበት ሁኔታ አለ። እንዲህ ያለ ውሻ የጥገኛ ትላትል መድኃኒት የሆነውን አይቨርሜክቲን በከፍተኛ መጠን ቢወስድ ሊንቀጠቀጥ፣ ራሱን ሊስት፣ ሊሞትም ይችላል። ይህ ጂን ድቅሎች ላይም ይገኛል። አያቱ ኮሊ መሆኗን የማያውቅ ሰው ውሻውን አይቶ አይለይም። በአንድ የምራቅ ናሙና ግን ይታወቃል።

ጓደኛዬ «ታዲያ የትኛውን ልውሰድ?» ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ። ዝርያ አልመረጥኩላትም። እናትየዋን እያት አልኳት። ስትተነፍስ ስሚያት፣ ስትሮጥ እያት፣ ደረጃ ስትወጣ እያት። ወላጆቹ የዳሌ ራጅ ተነስተው ከሆነ ወረቀቱን ጠይቂ። ዓይናቸው ታይቷል? የጂን ምርመራ አላቸው? አርቢው «ንጹሕ ዘር ነው፣ ወረቀት አለው» ካለሽ ያ የዘር ሐረግ ነው፣ የጤና ወረቀት አይደለም። «ክሮስ ነው፣ አይታመምም» ካለሽም ያው ነው፣ ምንም አልነገረሽም። ወላጆቹ ካልታወቁ ደግሞ ቡችላውን ከወሰድሽ በኋላ ሐኪም ዘንድ አድርሺው፣ ልቡ ይደመጥ፣ ዳሌና ጉልበቱ ይነካ።

አንድ ነገር ደግሞ ከዝርያ ጭቅጭቁ ሁሉ በላይ ነው፤ የምግቡ ሳህን። በ2002 የወጣ ጥናት 48 ላብራዶሮችን በጥንድ ከፍሎ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተከታትሏል። ጥንዶቹ አብረው የተወለዱ ናቸው፣ ስለዚህ የዘር ልዩነት ሰበብ አይሆንም። አንዱ ከሌላው 25 በመቶ ያነሰ ይመገባል። ያነሰ የበሉት መካከለኛ ዕድሜያቸው 13.0፣ የጠገቡት 11.2 ዓመት ሆነ። 1.8 ዓመት ልዩነት ነው፣ ድቅል ነው ንጹሕ ነው እያልን ከምንጨቃጨቅበት ልዩነት ሁሉ ይበልጣል። ቦቢ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ ሐኪሟ መጀመሪያ የጻፈችልኝ የምግብ መጠን ነበር። አንዱ ጉልበት ሲሄድ ሌላውም ብዙ ጊዜ ስለሚከተል። አሁን 25 ኪሎ ተኩል ነው፣ ግራው ጉልበት እስካሁን ደህና ነው፣ በየወሩ እመዝነዋለሁ።

ጸሐፊው ይህን ካነበቡ አንድ ነገር ብቻ እለምናቸዋለሁ። ጽሑፋቸውን ይሰርዙት አልልም፣ ስለ ዝምድናውና ስለ ፊተ ጠፍጣፋዎቹ የጻፉት ክፍል እንዲነበብ እፈልጋለሁ። ያቺን ስለ ምርመራ የምታወራውን የመጨረሻዋን መስመር ግን ያውጧት። ብዙ ሰው ከጽሑፉ ሁሉ ቆርጦ የሚልከው እሷን ብቻ ነው።

ጓደኛዬ ቅዳሜ ቡችላዋን ልታይ ትሄዳለች። አስቀድማ ደውላ «እናቲቱም ትኑር» ብላቸዋለች።